ሌንሱ ሳይሞት አትቅበሩት

(በደብረ ብርሃን ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሠልጣኞችና ለጨዋታ ቤት ባለቤቶች የቀረበ ዲስኩር)



ባለፈው ኅዳር አንድ ወጣት በጠዋቱ መኪና ከአንኮበር መጣ። ፕሌይስቴሽን ቱውን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ገና ሳይቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ሌንሱ ሞቷል፤ ይቀይሩልኝ» አለኝ። ገንዘቡንም ከኪሱ አውጥቶ ይዟል።

«ማን ነው ሞቷል ያለህ?» አልሁት።

«ሁሉም። ጠዋት ጠዋት ሲዲ አያነብም።»

«ጠዋት ጠዋት» የምትለዋ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። «ከሰዓትስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «ከሰዓት አንዳንዴ ያነባል» አለኝ። የሞተ ነገር ደግሞ ከሰዓት አይነሣም።

ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት፤ ለልጁ ሻይ አዘዝሁለትና ጥያቄዬን ቀጠልሁ። ጨዋታ ቤቱ የእናቱ ቤት ነው። እናቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ጠዋት ጠዋት ቡና ያፈላሉ፤ ማሽኑም ሌሊቱን እዚያው ያድራል። የአንኮበርን ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብረቱም ፕላስቲኩም እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ያድራል። ሲነጋ በሩ ሳይከፈት ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ጀበናው ይንተከተካል፣ ከዚያ ዐሥርም ዐሥራ አምስትም ልጅ እየተነፈሰ ይገባል። ያ ሞቃትና እርጥብ አየር በብርድ ያደረውን ሌንስ ሲነካው ጤዛ ይሆናል። መነጽር ያደረገ ሰው ከውርጭ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ የሚገጥመው ነገር ነው። (በነገራችን ላይ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ለማሽን ብቻ ሳይሆን ለነፍስም አደጋ ነው። ይህን ለልጁም ነግሬዋለሁ፤ ለእናንተም እነግራችኋለሁ።)

ልጁ ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ማሽኑን ሰካሁት። ዲስኩን ተቀበለ፣ አዞረ፣ አነበበ። አንድ ብሎን አልፈታሁም። «ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ያለ ዲስክ ግማሽ ሰዓት ያህል አብርተህ አቆየው፤ የገዛ ሙቀቱ ከጤዛ ይጠብቀዋል። ከጀበናውም አርቀው» ብዬ ሸኘሁት።

ዛሬ እዚህ የቆምሁት በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ሀገር «ሌንሱ ሞቷል» የሚለው ፍርድ ከምርመራው ይቀድማል። ያልሞተ ሌንስ ይጣላል፣ ደኅናው ይነካካና ይሞታል፣ ባለቤቱም ያላጠፋውን ይከፍላል። በሙያዬ ይህን ያህል የሚያሳዝነኝ ነገር የለም።

ይህ ማሽን ከብዙዎቻችሁ በዕድሜ ይበልጣል። ሶኒ ፕሌይስቴሽን ቱን ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2000 ነው። ቀጭኑ ሞዴል በ2004 ወጣ። ማምረቱ የቆመው ጃፓን ውስጥ በ2012 መጨረሻ፣ በሌላው ዓለም በ2013 መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ድረስ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ይህን ያህል የተሸጠ የጨዋታ ማሽን በታሪክ ጥቂት ነው። እኛ ዘንድ ግን ቁጥሩ ሁሉንም አይናገርም፤ በሌላው ሀገር አንድ ማሽን የአንድ ቤት ልጆች ሲጫወቱበት፣ እዚህ የአንድ ሰፈር ልጆች ተጫውተውበታል። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፤ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። በአንድ ማሽን የቤት ኪራይ የከፈሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ ልጆች አውቃለሁ። ስለዚህ አላነብ ሲል አንድ አሻንጉሊት ተበላሸ ማለት አይደለም፤ የአንድ ቤት እንጀራ ቆመ ማለት ነው።

አሁን ሌንሱ ምን እንደሚሠራ እንይ፤ ሥራውን ያላወቀ ሕመሙን አያውቅም።

ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር በሚጠመዘዝ አንድ ረጅም መስመር ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ናቸው። የአንድ ንብርብር ዲቪዲ መስመር ተፈትቶ ቢዘረጋ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚህ ተነሥታችሁ የአንኮበርን መንገድ ከሩብ በላይ ሄዳችሁ ማለት ነው። ያ ሁሉ መንገድ የተጠቀለለው በእጃችሁ መዳፍ ላይ በሚያርፍ ዲስክ ውስጥ ነው። በሁለት ጎረቤት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት በሲዲ 1.6 ማይክሮሜትር፣ በዲቪዲ ደግሞ 0.74 ማይክሮሜትር ነው። የአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ወደ መቶ የሚጠጉ የዲቪዲ መስመሮችን ይሸፍናል።

ሌንሱ ይህን መስመር የሚከተለው በብርሃን ነው። ለሲዲ 780፣ ለዲቪዲ 650 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር ይልካል፤ ከዲስኩ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን አራት ቦታ የተከፈለች የብርሃን ዓይን ትቀበለዋለች። ሌንሷ ራሷ እንደ ሸረሪት ድር በቀጠኑ ሽቦዎች ተንጠልጥላለች፤ ሁለት ጥቃቅን የሽቦ ጥቅሎች አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሷታል። ዲስክ ሲዞር ዝም ብሎ አይዞርም፤ ይወዛወዛል። ሌንሷ ያንን ውዝዋዜ እየተከተለች፣ ከአንድ ማይክሮሜትር ባነሰ ስሕተት ርቀቷን ጠብቃ፣ ለሰዓታት ትሠራለች። እኔ ይህን ካወቅሁ ይኸው ስንት ዓመቴ፤ አሁንም ሌንስ በእጄ ስይዝ በጥንቃቄ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሌንሱ በርቶ እንደሆነ ለማየት ዓይናችሁን አስጠግታችሁ አትዩ። የሲዲው ጨረር ለዓይን የማይታይ ያህል ነው፤ አይታይም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። በስልካችሁ ካሜራ ከጎን ብታዩት ብርሃኑ ይታያችኋል።

እንግዲህ ወደ ምርመራው። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ዲስክ አስገቡና ጆሮ ስጡት። ጤነኛ ማሽን ሌንሱን ወደ መሐል ይስባል፤ ሌንሷ ትኩረቷን ለመያዝ ሁለት ሦስቴ ብቅ ጥልቅ ትላለች፤ ከዚያ ዲስኩ ፍጥነት ይይዝና ድምፁ ይረጋጋል። ችግሩ ያለው ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ነው፤ የቱ ላይ እንደቆመ ድምፁ ይነግራችኋል።

ዲስኩ ጨርሶ ካልዞረ ሌንሱን አትክሰሱ። በቀጭኑ ሞዴል ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫናቸው ትናንሽ ማብሪያዎች አሉ፤ እነሱ ካልተነኩ ማሽኑ ክዳኔ ክፍት ነው ብሎ ይቀመጣል። ስንት ማሽን በዚህች ምክንያት ሌንስ ተቀይሮለታል! በሚገባ ያልተሰካ ፍላት ኬብልም እንዲሁ ያደርጋል።

ሲዲውን አንብቦ ዲቪዲውን እንቢ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ ማሽን ከሥር ሰማያዊ የሆኑት የጨዋታ ዲስኮች ሲዲ ናቸው፤ ብርማዎቹ ዲቪዲ። ሁለቱ የየራሳቸው ጨረር ስላላቸው አንዱ ደክሞ ሌላው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ፣ ጥርሱ፣ ሐዲዱ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ሲዲ በደንብ ከሄደ እነሱ ነፃ ናቸው። አያችሁ፣ ሁለት ዲስክ ብቻ ይዛችሁ የማሽኑን ግማሽ ከጥርጣሬ አወጣችሁ።

ጨዋታው ጀምሮ መሐል ላይ ከቆመስ? ሁልጊዜ አንድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ዲስኩ ነው የታመመው። የትኛውም ዲስክ ወደ ዳር ሲቀርብ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ያለው ግራሶ ደርቋል። የፋብሪካው ግራሶ በሃያ ዓመት ይደርቃል፣ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎም ሙጫ ይሆናል። ሌንሱ መሄድ ይፈልጋል፣ መንገዱ ግን ያዘው። በጥጥ ጠርጋችሁ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቀላል ግራሶ ብትቀቡት ይበቃዋል። የመኪና ግራሶ አትቀቡ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ይረጋል።

ማሽኑ ተገልብጦ ወይም በጎኑ ቆሞ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ችግሩ የብርሃን አይደለም፤ የአካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ የወጣውን የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን የተጫወቱ ታላላቆቻችሁ ይህን ያስታውሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ሌንስ የሚቀመጥበት ፕላስቲክ እየተበላ ሲሄድ ሌንሱ ያዘነብል ነበር፤ ማሽኑን ሲገለብጡት ያዘመመው ወደ ቦታው ይመለሳል። ልጆች በመላው ዓለም፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ማሽናቸውን ገልብጠው ተጫውተዋል። ይህ ምርመራ ነው እንጂ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲኩ መበላቱን ሳይከፍቱ አውቀዋል ማለት ነው።

አሁን ስለ አንድ ጥፋቴ ልንገራችሁ።

ከሌንሱ አካል ጎን ለየጨረሩ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ማስተካከያ አለች። ለጨረሩ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መጠን የምትወስነው እሷ ናት፤ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ሌንስ ለብቻ ለክቶ አስተካክሏታል። ሥራ በጀመርሁበት ሰሞን አንድ ልጅ ዲቪዲ አላነብ ያለ ማሽን አመጣልኝ። ሌሎች ሲያደርጉ እንዳየሁት የዲቪዲውን ማስተካከያ አዞርኋት። የነበረችበትን ቦታ አልጻፍሁም፣ በቴስተርም አልለካሁም። ማሽኑ እንደ አዲስ አነበበ! ልጁ ደስ ብሎት ሄደ፣ እኔም ባለሙያ ሆንሁ ብዬ አመንሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። የዲቪዲው ጨረር ሞቷል፤ አንድም ዲቪዲ አያነብም። ሌንሱን ከፍቼ ሳየው በላዩ ላይ እንደ ጭጋግ የተጋገረ አቧራ ነበር። ችግሩ ከመጀመሪያውም አቧራው ነበር። ብርሃኑ አቧራውን በግድ እንዲያልፍ አስጨንቄ፣ የዓመታት ዕድሜውን በሦስት ሳምንት አስጨረስሁት። ከኪሴ ሌላ ሌንስ ገዝቼ ገጠምሁለት። ልጁ ምንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ይኸ ይበልጥ ከበደኝ።

ስለዚህ ይህችን ማስተካከያ መንካት የመጨረሻው ሥራ ይሁን። አጽዱ፣ ግራሶውን ቀይሩ፣ ኬብሉን እዩ፣ በሦስት ደኅና ዲስኮች ሞክሩ። ከዚያ በኋላም ካልሆነ ማሽኑን ንቀሉ፣ የነበረችበትን ቦታ በቀጭን ብዕር ምልክት አድርጉ፣ ኦሙን ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ከፀጉር የማትበልጥ ዙር። ለባለቤቱም እውነቱን ንገሩት፤ «ዕድሜ ጨመርሁለት» አትበሉ፣ የቀረውን ዕድሜ ቶሎ እንዲጠቀምበት አደረጋችሁ እንጂ።

ስለ ማጽዳት ካነሣሁ አይቀር፣ ሌንሷ በአብዛኛው ፕላስቲክ ናት፤ በላይዋም ስስ ሽፋን አላት። ቤንዚን ያጨልማታል። ሽቶ የሚያጣብቅ ነገር ይተውባታል። በእኛ አካባቢ ደግሞ አረቄ የሚጠቀሙ አሉ፤ አረቄ ውስጥ ያለው ውኃና ሌላው ነገር ሲደርቅ ነጠብጣቡ ይቀራል። ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ እንጨት ጫፍ፣ ሳይንጠባጠብ፣ ሌንሷን ሳትጫኑ። በአፋችሁ እፍ አትበሉ፤ ትንፋሻችሁ አቧራውን በምራቅ ይለጥፈዋል።

የዚህ ከተማ አቧራ የራሱ ጠባይ አለው። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ሀገር ናት፤ ከመንዝ የሚመጣው ባናና ዝተት የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። ሰው ማሽኑ እንዳይበርደው ወይም አቧራ እንዳይገባበት ብሎ በሱፍ ይሸፍነዋል። አንድ ቀን የማያቋርጥ የ«ቋ፣ ቋ» ድምፅ ያለው ማሽን ከፍቼ አምፖሉን አስጠጋሁ። ሌንሱን በሚያንቀሳቅሰው ነጭ ጥርስ መካከል አንዲት ቡናማ የበግ ፀጉር ተጋድማለች፤ ሌላዋ ደግሞ ዲስኩ በሚቀመጥበት እምብርት ሥር ሦስት አራት ዙር ተጠምጥማለች። በወረንጦ ሳብ አደረግኋት፤ የጣቴን ያህል ርዝመት ነበራት። በዚያች ፀጉር ምክንያት የማሽኑ ባለቤት ሁለት ጊዜ ሌንስ ቀይሯል። መሸፈን ካስፈለገ በጥጥ ጨርቅ፣ ማሽኑ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ። እየሠራ እያለ ግን አትሸፍኑት። እኛ የምንኖረው በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ የማሽኑ ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣበት አየር ያንሰዋል። ብርድ ነው ብላችሁ አትታለሉ።

ዲስኮቹን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ዲስክ ስትጠርጉ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጉ እንጂ በክብ አትሹት። ማሽኑ የጠፋ መረጃን አስልቶ የሚሞላበት ዘዴ አለው፤ በሲዲ ላይ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደርስ ክፍተት ይሞላል። መስመሩን የሚያቋርጥ ጭረት ለእሱ ትንሽ ነው፤ መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ግን ረጅም ገደል ይሆንበታል። የሲዲ መረጃ ያለው ከጽሑፉ ሥር ስለሆነ ከላይ የተጫረ ሲዲ አይድንም፤ የዲቪዲ ግን በሁለት ፕላስቲኮች መካከል ነው። እኛ ዘንድ የሚዞረው አብዛኛው ዲስክ ደግሞ ኮፒ ነው፤ ኮፒ ብርሃን የሚመልሰው ከፋብሪካው ዲስክ ያነሰ ስለሆነ ማሽኑ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሌንሷም እረፍት የላትም። ጨዋታዎችን በሃርድ ዲስክ ጭናችሁ ሌንሱን የምታሳርፉ አላችሁ፤ በትልቁ ሞዴል ጥሩ ይሠራል። በዩኤስቢ ፍላሽ ግን የማሽኑ መግቢያ የድሮና ዝግተኛ ስለሆነ ፊልሙና ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ያ የሌንስ ችግር አይደለም፣ እንዳትከፍቱት።

ስለ አንኮበር አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች በካፒቴን ሐሪስ መሪነት ወደ አንኮበር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጡ ጠመንጃና መድፍ ይዘው ነበር። ከ38 ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ከሁለት የሀገሩ ባለ እጆች ጋር እዚያው አንኮበር ገባ፤ ምኒልክ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ሰውዬው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖረ። እኔ ከሁለቱ ጉዞዎች ሁለተኛው ይበልጥብኛል፤ መሣሪያ ይሰበራል፣ የሚጠግን እጅ ሲመጣ ግን ሌላ እጅ ያስተምራል። በዚያው ዘመን የእኛ ባለ እጆች «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር፤ ምኒልክ በኋላ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደረሱ።

ዛሬ ቀጥቃጭ የሚለን የለም። «ነካክቶ ገደለው» የሚለን ግን አለ። የመጀመሪያው ስድብ ግፍ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ እኔም አንድ ጊዜ ተገብቶኛል። ይህ ስም ከእናንተ ትውልድ ላይ እንዲነሣ ከልቤ እፈልጋለሁ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አራት ማሽኖች አሉ። አራቱም «ሌንሳቸው ሞቷል» ተብለው የመጡ ናቸው። ሰማያዊ ዲስክ አለ፣ ብርማ ዲስክ አለ፤ ወረቀትና እርሳስም ተዘጋጅቷል። ሦስት ሦስት እየሆናችሁ ቅረቡ፤ ዲስክ አስገቡ፣ ስሙ፣ የሰማችሁትን ጻፉ። ካቻቢቴያችሁን ለአሁኑ ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። ከኋላ ያላችሁ ደግሞ ጸጥ በሉልኝ፤ የመጀመሪያዋን ልሰካት ነው፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው።